ቀኑን ቀን፣ ሌሊቱን ሌሊት አድርጉላቸው፦ ልባቸውን ታክመው ለሚያገግሙ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በድሬዳዋና በሐረር ሆስፒታል ለምታስተዳድሩ፣ በየዋርዱ ለምትደክሙ ሐኪሞችና ሲስተሮች፣ አዲስ የሕክምና ሕንጻ ለምትነድፉ መሐንዲሶች፣ እንዲሁም የልብ ኦፕራሲዮን አድርጎ የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ለተኛ ወገኖቼ በሙሉ።

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ደረቱ ተከፍቶ ልቡን የታከመ ሰው ሲያገግም ቀኑ ቀን፣ ሌሊቱ ሌሊት ይሁንለት። ቀን መጋረጃው ይከፈትለት። ሌሊት መብራቱ ይጥፋለት፣ ኮሪደሩም ዝም ይበልለት። በቃ፣ የምጠይቀው ይኸው ነው። ለዚህ ከውጭ የሚገባ ማሽን አያስፈልግም፣ ጨረታም አይወጣለትም፣ አዲስ በጀትም አይጠብቅም። ፀሐይ እንደ ድሬ የሞላበት አገር የት አለ? ግን ቀን ቀን አጨልመን የምናስተኛቸው እኛው ነን፤ ሌሊት ደግሞ መብራት ፊታቸው ላይ አብርተን የምናሳድራቸውም እኛው ነን።

ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። ሐኪም ዙር አድርጎ ይሄዳል። አስታማሚ ግን እዚያው ውሎ እዚያው ያድራል፤ በሽተኛው ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ፣ የትኛው ድምፅ እንዳስደነገጠው ያያል። የጻፍኩትም ካየሁትና ካየሁት በኋላ ካነበብኩት ተነስቼ ነው።

አጎቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፣ የድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ሰው። የልቡ ቫልቭ ጠቦ ስለነበር አዲስ አበባ ሄዶ ተቀየረለት። ኦፕራሲዮኑ በደንብ ተሳካ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ ወደ ዋርድ ከተዛወረ በኋላ ግን ሌሊት ሌሊት መቃዠት ጀመረ። እጁ ላይ የተሰካውን ግሉኮስ ይጎትታል። ዓይኑ ፈጧል፣ እኛን ግን አያየንም። «ሁርሶ! ኤረር! ጎታ! አፍደም!» እያለ የጣቢያዎቹን ስም በተራ ይጠራል፤ ከአልጋው ሊወርድ ሲል ስንይዘው ባቡሩን አስቁማችሁ ነው ብሎ ይቆጣል። አክስቴን፣ አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን፣ «እርስዎ፣ ቲኬትዎን ያሳዩኝ» አላት። አክስቴ ወጥታ ኮሪደር ላይ አለቀሰች። ከቤተሰቡ ጸበል ይምጣለት ያለ ነበር። የኦፕራሲዮኑ ማሽን አእምሮውን ነክቶት ነው፣ አለቀለት ያለም ነበር።

ክፍሉን ልንገራችሁ። አንድ መስኮት አለው። መስኮቱ ላይ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ ጠርዙም ንፋስ እንዳይገልጠው በቁስል ፕላስተር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከራሱ በላይ ረጅም ነጭ መብራት አለ፤ ቀንም ይበራል፣ ሌሊትም ይበራል። የግድግዳው ሰዓት ባትሪው አልቆ ቆሟል። መነጽሩን አውልቀን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጠንለታል፣ እንዳይሰበር ብለን። እሱ ደግሞ ልብ ባለ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ስንነግረው አያምነንም። እንዴት ይመን? ከቀኑ 6 ሰዓትም ሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ናቸው።

አንዲት ሲስተር ጠዋት ተረኛ ሆና ገባች። ፕላስተሩን ላጠችው፣ መጋረጃውን ጥግ ድረስ ሳበችው፣ አልጋውን ፊቱ ወደ መስኮቱ እንዲሆን አዞረችው፣ መነጽሩን ጠይቃ አደረገችለት። «አባባ፣ ጠዋት ነው። ያ ዛፍ ይታይዎታል?» አለችው። ማታ ደግሞ የራስጌውን መብራት አጥፍታ፣ የሌሊቱን ግፊትና ሙቀት መለኪያ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር አንድ ላይ እንዲሆን ለተረኛው አስተላለፈች። የሽንት ቱቦውም በዚያው ሰሞን ወጣለት፣ የሚወስደው መድኃኒትም ተስተካከለ። ቀስ በቀስ ሌሊቱ ረጋ። ያዳነው መጋረጃው ብቻ ነው አልልም፣ ቢባልም ልክ አይሆንም። ግን ከተደረጉለት ነገሮች ሁሉ አንድ ሳንቲም ያላስወጣው እሱ ነበር፤ ለምን በመጀመሪያው ቀን እንዳልተደረገለት ደግሞ ሊገባኝ አልቻለም።

ያ መቃዠት ስም አለው፣ ዴሊሪየም ይሉታል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ በብዛት ይታያል። እብደት አይደለም፣ ጂኒም አይደለም፣ ዛርም አይደለም። ብዙ ምክንያት ይደራረብበታል፦ ማደንዘዣው፣ ሕመሙ፣ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቀንና ሌሊት መምታታት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በእጃችን ናቸው።

ብርሃን እንዴት ነው ከልብ ጋር የሚገናኘው ለምትሉ፣ አጭሩ መልስ በዓይን በኩል ነው። ከዓይናችን ጀርባ ለማየት የማያገለግሉ፣ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ብቻ ለአንጎል የሚነግሩ ሕዋሳት አሉ። ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ሥራቸው በግልጽ የታወቀው በ2002 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መልእክቱ የሚደርሰው አንጎል ሥር ወዳለች በጣም ትንሽ ቦታ ነው፤ 20,000 ገደማ ሕዋሳት ያሏት የሰውነታችን ዋና ሰዓት እሷ ናት። እንቅልፍ የሚጠራውን ሜላቶኒን መቼ እንደሚለቀቅ፣ የሚያነቃውን ኮርቲሶል መቼ እንደሚጨምር፣ የሰውነት ሙቀት መቼ እንደሚወርድ የምታዘው እሷ ናት። ጤነኛ ሰው ሌሊት ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል፣ የልብ ምቱም ይቀንሳል። ልብ የሚያርፈው ያኔ ነው። የልብ ሕዋሳት ራሳቸውም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2017 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል።

እንግዲህ ልቡ ቆሞ፣ ደሙ በማሽን ሲዘዋወር ቆይቶ የነቃ ሰው አስቡ። የሜላቶኒን ውጣ ውረዱ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ እንደሚዛባ ተጠንቷል። ሰዓቱ ተዛብቶ ነው የሚነቃው ማለት ነው። በዚያ ላይ እኛ ቀኑን አጨልመን ሌሊቱን ስናበራበት ያቺ የአንጎል ሰዓት በምን ትስተካከል? በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ያወጡት ጥናት ላይ፣ ልባቸው የተጎዳ አይጦች ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጥቂት ቀናት ብቻ የብርሃንና የጨለማ ሰዓታቸው ሲዛባባቸው፣ ልባቸው ያገገመበት መንገድ ለረጅም ጊዜ የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። አይጥ አይጥ ነው፣ አውቃለሁ። ነገሩ ግን የእንቅልፍ ምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል።

በሰው ላይስ? በካናዳ ኤድመንተን ከተማ ባለ ሆስፒታል የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በሁለት ወገን ነበሩ፤ አንዱ ወገን ፀሐይ ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) ገጥሟቸው የገቡ 628 ሰዎች መዝገብ ታየና ውጤቱ በ1998 ታተመ። ፀሐይ በሚገባባቸው ክፍሎች ከተኙት 293 ሰዎች 21 ሞቱ። ጨለም ባሉት ከተኙት 335 ሰዎች 39 ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ሀርት አታክ የያዛቸው እንጂ ኦፕራሲዮን የተደረጉ አይደሉም፣ ጥናቱም መዝገብ አገላብጦ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ብርሃን ሞት ይከለክላል ብዬ አልሸጥላችሁም። ቢሆንም ክፍል ምደባው ያን ያህል የሚለይ ከሆነ አልጋ ስናድል ልናስብበት ይገባል።

በፒትስበርግ ደግሞ የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 89 ሰዎች ተጠንተው በ2005 ውጤቱ ወጥቷል። ብርሃን በሚበዛበት የሕንጻው ወገን የተኙት በሰዓት የወሰዱት ማስታገሻ 22 በመቶ ያነሰ ነበር። ከዚያ ቀደም፣ በ1984፣ ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ ሐሞት ከረጢታቸው የወጣላቸውን 46 ሰዎች ሁለት ሁለት አድርጎ አነጻጽሮ ነበር፤ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እሱ ያጠናው ስለ እይታ እንጂ ስለ ብርሃን መጠን አይደለም። ግን መጋረጃ ስትከፍቱ ሁለቱም አብረው ይገባሉ፣ ምን ቸገረን?

ተቃራኒውንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን የሚያጠራው እሱ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል 734 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ለግማሾቹ ጣሪያ ላይ በተገጠመ ልዩ መብራት ቀን ቀን ጠንካራ ብርሃን ተሰጣቸው። በ2016 ውጤቱ ሲታይ ዴሊሪየሙ አልቀነሰም። እኔ ይህንን ሳነብ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ የገባኝ ነገር መብራት ገዝቶ መስቀል ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ነው። ቀኑን አብርተህ ሌሊቱን ከረበሽከው ምን ዋጋ አለው? ዴሊሪየምን በመቀነስ ውጤት የታየባቸው አሠራሮች ብዙ ትንንሽ ነገሮችን አንድ ላይ የሚያደርጉ ናቸው፦ የሌሊት እንቅልፍ መጠበቅ፣ ቶሎ ማስነሳትና ማስኬድ፣ መነጽርንና መስማት የሚያግዝ የጆሮ መሣሪያን መመለስ፣ ሰዓትና ቀን መንገር፣ ውኃ ማጠጣት፣ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ መሆን። ብርሃን ከነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ክቡራን ኃላፊዎች፣ ይህን ደብዳቤ አንብባችሁ ውድ አምፖል ለመግዛት እንዳትነሱ አደራ።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር ልምጣ፣ ወደ ምች። በእኛ ዘንድ ቁስል ያለበት ሰው ፀሐይ አይየው፣ ምች ይመታዋል፣ ሽቶ አይሽተተው፣ ብርድ አይግባበት ይባላል። እናቶቻችን ይህን የሚሉት ከፍቅር ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተመለሰውን በሽተኛ ጓዳ አስገብተን፣ መስኮት ዘግተን፣ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅለን እናስተኛዋለን። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ መስኮት ያስዘጋል፤ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ፀሐይ የገባበት ክፍል ምጣድ ነው። ይህንን ስጋት አልንቀውም፣ ከፊሉ ትክክልም ነው። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል፣ ስለዚህ የደረት ስፌት ይሸፈን። ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ የልብ ምት ሲዛባ የሚታዘዘው አሚዮዳሮን የሚባለው መድኃኒት ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። ውኃ የሚያስወጣ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሙቀት ላይ ቢቆይ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅም ይችላል። ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ ሰው ካላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ግን ልብ በሉ። እኔ ፀሐይ ላይ አስጧቸው አላልኩም። ያቺ የአንጎል ሰዓት የምትፈልገው በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው፤ ቆዳ ላይ የሚያርፍ ንዳድ አይደለም። የብርሃን መጠን በሉክስ ይለካል። ቀትር ላይ ጠራራው ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። ከመስኮት ራቅ ያለ የሆስፒታል አልጋ ላይ ደግሞ ከ100 እስከ 300 ቢሆን ነው። ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ፀሐይ ሳይነካችሁ ብትቀመጡ ግን 10,000 ገደማ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከክፍሉ ጋር አይወዳደርም! የከዚራ ዛፎች ለምን ተተከሉ? ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ወንበር አውጥታችሁ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው። ምች የሚሉት ነገር እዚያ አይደርስባቸውም፣ ስፌታቸውም በልብስ ተሸፍኗል፣ ዓይናቸው ግን ቀን መሆኑን አየ። የጠዋቱ ብርሃን ደግሞ ሰዓቷን ለማስተካከል ከሁሉ የተሻለው ነው።

ሐረር ላይ ነገሩ በሌላ በኩል ነው። አየሩ ነፋሻ ነው፣ ብርድ ይባላል፣ መስኮት ይዘጋል። ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለ የሐረሪ ቤት ብርሃኑ የሚገባው በአብዛኛው በበሩ ነው፤ ነደባው (መደቡ) ላይ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ብዙም አያይም። ግን ያ ቤት ግቢ አለው። ግቢው ታጥሯል፣ ነፋስም ሰው ዓይንም አይገባበትም፣ ሰማዩ ክፍት ነው። ለሚያገግም ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማን ይሠራለታል? በጋቢ ተጠቅልሎ ግቢው ውስጥ ይቀመጥ።

ስለ ግላዊነት ካነሳሁ አይቀር፣ ዋርድ ውስጥ መጋረጃ የሚዘጋው ለሙቀት ብቻ አይደለም። ደረቷ ላይ የተሰፋች ሴት ከኮሪደርም ከውጭም ሰው እንዲያያት አትፈልግም፤ ብዙ እናቶቻችንና እህቶቻችን በዚህ ይሳቀቃሉ፣ መብታቸውም ነው። መልሱ ግን ጨለማ አይደለም። ስስ ነጭ ጨርቅ ብርሃን ያስገባል፣ ሰው አያሳይም። የመስኮቱ የታችኛው ግማሽ ይሸፈን፣ የላይኛው ክፍት ይሁን። በአልጋና በአልጋ መካከል የሚቆም ተንቀሳቃሽ መከለያ ይኑር። ይህን የትኛውም መጋላ ያለ ልብስ ሰፊ ይሠራዋል።

ትንኝም አለ። ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የምትናደፈው ቀን ነው። ስለዚህ መጋረጃ ክፈቱ ስል የግድ መስኮት ክፈቱ ማለቴ አይደለም። ብርሃን በመስታወት ያልፋል። መስኮቱ የሚከፈት ከሆነ ወንፊት ይደረግበት። (ቫይታሚን ዲ ግን በመስታወት አይመጣም፤ እሱን የሚያሠራው ጨረር መስታወት ላይ ይቀራል። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ።)

ስለ ሌሊቱ ደግሞ ለሲስተሮች ልናገር፣ ልባችሁ እንዳይቀየምብኝ እየለመንኩ። ሥራችሁ ምን ያህል እንደሚከብድ አይቻለሁ፤ አንዲት ነርስ ስንት አልጋ ይዛ እንደምታድር አውቃለሁ። የምጠይቀው የሚቻለውን ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ የራስጌ መብራት ይጥፋ፣ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ። ለሥራ የሚያስፈልግ ብርሃን ካለ ዝቅ ብሎ ወለሉ አካባቢ የሚበራ ደብዘዝ ያለ ቢጫ አምፖል ይሁን፣ ወይም የእጅ ባትሪ። በሽተኛው የተረጋጋ ከሆነ፣ ሐኪሙም ከፈቀደ፣ ግፊት መለካቱ፣ መድኃኒቱና ደም መቅዳቱ አንድ ላይ ይደረግ፤ አንዴ ይቀስቀስ እንጂ በየሰዓቱ አይቀስቀስ። የሞኒተሩ ጩኸት ለእናንተ እስከሚሰማችሁ ድረስ ይቀነስ። የልብ ኦፕራሲዮን በተደረጉ ሰዎች ላይ የዓይን መሸፈኛና የጆሮ መድፈኛ ተሞክሮ እንቅልፋቸው ሲሻሻል ታይቷል፤ የዓይን መሸፈኛ ከንጹሕ ጨርቅ ቤት ውስጥ ይሰፋል፣ አስታማሚ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ኮሪደር ላይ ስልክ በድምፅ ማጉያ የምናወራ አስታማሚዎች ግን ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ገሥጹን።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ብርሃን የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አይጠፋኝም። ድንገተኛ ነገር ሲመጣ መብራት ይበራል፣ ሕይወት ይቀድማል። የማወራው ምንም ሳይፈጠር ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራው ነው።

ለመሐንዲሶች ሁለት ቃል ብቻ። እኛ ያለንበት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ኤድመንተን ላይ በብርዱ ወቅት፣ በታኅሣሥ፣ ቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ በሌላው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ከላይ መከለያ ከወጣለት ያለ ንዳድ ብርሃን ይሰጣል። ንዳዱ የሚመጣው ከምሥራቅና ከምዕራብ ነው። ድሬ ውስጥ የዋርድ መስኮት ወደ ምዕራብ አትስጡ፤ ከሰጣችሁት ያ መስኮት ዕድሜ ልኩን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይኖራል። የእያንዳንዱ አልጋ መብራት ደግሞ የራሱ ማጥፊያ ይኑረው። አንድ በሽተኛ መርፌ ሊወጋ ስድስት ሰው የሚነቃበት ክፍል አይሠራ።

ይህ ሁሉ ለምን የምሥራቁ ሰው ጉዳይ ይሆናል የሚል አይጠፋም፤ ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ነው፣ ለምሳሌ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ባቋቋሙት ድርጅት በተሠራው የልብ ማዕከል፣ ወይም ውጭ አገር። ልክ ነው። ግን ማገገሙ እኛ ጋ ነው። የተሰነጠቀ የደረት አጥንት እስኪጠነክር እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ያንን ጊዜ የሚያሳልፉት ድሬ ላይ፣ ሐረር ላይ፣ በየወረዳው ነው። ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ ትንፋሽ ቢያጥራቸው፣ ደም ማቅጠኛው ቢበዛባቸው የሚተኙት እናንተው ዋርድ ነው። ብዙዎቹም ወጣቶች ናቸው። ልጅነታቸው ላይ ቶንሲል ተደጋግሞባቸው፣ በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ፣ ቫልቫቸው የተበላባቸው ናቸው። ገና ብዙ ዓመት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ እየተወጉ የሚኖሩ ልጆች። አገሪቱ ይህን ሁሉ ደክማ ልባቸውን ጠግና ከላከቻቸው በኋላ ማገገሚያቸውን በጨለማ ክፍል መጀመራቸው ያሳዝነኛል።

ቤት ላላችሁ ደግሞ፦ ጠዋት አስነሱት፣ ፊቱን አስታጥባችሁ ብርሃን ወዳለበት አውጡት። ከሰዓት ቢተኛ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። ጠያቂ እንዲመጣ ፍቀዱ፣ ግን በቀን ይሁን፤ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ሙሉ ሰው ሰብስቦ ቡና ማፍላት ለሱ አይሆንም። ቴሌቪዥኑ ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። ስልኩን ማታ ተቀበሉት። ጫት ደግሞ፣ የድሬ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝ፣ የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በርጫው ላይ «ለጨዋታ ያህል ብቻ» ብላችሁ አትጋብዙት። የሱብሂ አዛንም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሰማ ተዉት ይስማ፤ ሰዓቱን የሚነግረው የለመደው ድምፅ ነው። መብራት ጠፍቶ ቀኑን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ ቢያገኛችሁት ደግሞ ሻማ አታብሩለት፣ ወደ በረንዳ አውጡት።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ ጀምሩ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ በነርሶች የጠዋት ርክክብ ቅጽ ላይ «መጋረጃ ተከፍቷል፣ መነጽር ተሰጥቷል፣ ሰዓትና ቀን ተነግሯል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። በማታው ቅጽ ላይ «የራስጌ መብራት ጠፍቷል» የሚል ሌላ መስመር። በቀጣዩ ወር ደግሞ ስንት በሽተኛ ሌሊት እንደቃዠ፣ ስንቱ የእንቅልፍ መድኃኒት እንደጠየቀ ቁጠሩና ከበፊቱ ጋር አስተያዩት። የራሳችን ቁጥር ይኑረን፤ የካናዳውን ስንጠቅስ አንኑር።

የሌሊት ተረኞች፣ መብራቱን እንዳታጠፉ የሚያግዳችሁ ምን እንደሆነ ጻፉልን። ማጥፊያው የመላው ዋርድ አንድ ላይ የታሰረ ከሆነ ንገሩን፤ ከዚራም ሳቢያንም ጥሩ ኤሌክትሪሻን አለ፣ አስተዳደሩ ከፈቀደ እኛ አስታማሚዎች አዋጥተን እናመጣለን። የግድግዳ ሰዓት የሌለው ክፍል ካለም አሳውቁን። ባትሪውንም እኛ እንገዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስታማሚ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ